ከኩላሊቴ በላይ የተቀመጠው ፍርሃት

እኔ ፈሪ አልነበርኩም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያደገ ሁሉ የሚመሰክረው ነው። ባሌ ደጉ እባብ ካየ አልጋ ላይ ነው የሚወጣው፤ በመጥረጊያ እንጨት ጨርሼ የምጥለው እኔ ነኝ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጄን አውጥቼ «ሰፈሩስ ቧንቧ ውሃ ይባላል፤ ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?» ያልኩ ሴት ነኝ። ሰብሳቢው ቀና ብሎ አየኝና አጀንዳው ሌላ ነው አለ። እኔ ደግሞ ጥያቄዬ ያው ነው አልኩት።

ስለዚህ በሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ፍርሃት ሲመጣብኝ ምን እንደሆነ አላወቅኩትም።

መጀመሪያ የመጣው ጥቅምት ላይ፣ ለቅሶ ቤት ነው። ከጎረቤት አንድ ሽማግሌ ሞተው ቅሬያችን ድንኳን ተክሏል። ቅሬ በእኛ አገር ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ሰፈሩ የሚቀባበርበት ማኅበር ነው፤ ሌላው አገር እድር የሚለው። ከቅሬ የተሰረዘ ሰው ቢሞት ጉድጓድ የሚቆፍርለት፣ ቃሬዛውን የሚሸከምለት የለም። ድሃ ሆኖ መኖር ይቻላል፤ ያለ ቅሬ መሞት ግን ከውሻ ሞት አይሻልም። የዚያን ቀን የማስተናገድ ተራ የእኔ ስለነበር ነጠላዬን ወገቤ ላይ ጥብቅ አድርጌ ታጥቄ፣ ከትልቁ ድስት ወጥ ለመጨለፍ አጎነበስኩ። ቀና ስል እማማ አልጣሽ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል።

እማማ አልጣሽ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ከሰፈራችን ጫፍ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለች ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ያን ጊዜ አንቱ የሚላቸው ሰው አልነበረም። ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ ሲባል ሰው ከንፈሩን ያጣምማል፤ ቡዳ ናቸው፣ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይላል፤ ድስታቸውን ግን ገዝቶ ወጡን ይሠራበታል። እኔም ከዚያው ሰው አንዷ ነበርኩ።

ልቤ መጀመሪያ አንዴ ዘለለ። ከዚያ እንደ ወፍጮ ሞተር ይደልቅ ጀመር፤ ድለቃው ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል። ራሴን ፍልጥ አደረገኝ። ቀዝቃዛ ላብ ከአንገቴ እስከ ወገቤ ወረደ፤ ጭልፋው ከእጄ ወደቀ። ይሄ ሁሉ ግን ምንም አይደለም። የባሰው ፍርሃቱ ነበር። ልሞት ይሆናል ብዬ አይደለም የፈራሁት፤ እንደምሞት አወቅኩ፤ አሁን፣ እዚሁ፣ ድስቱ አጠገብ። ልጮህ ፈልጌ ድምፅ አጣሁ። የምሸሽበት ፈልጌ ከምን እንደምሸሽ አጣሁ። ከፊቴ ያለው ደግሞ ወጥና እኚያ አሮጊት ብቻ ናቸው።

ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ለቀቀኝ። ጎረቤቴ ከሪማ ላቤን በሻሿ እየጠረገች ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አልጣሽ እንዴት አፍጣ እንዳየችሽ አይቻለሁ፤ ወላሂ ደስ አላለኝም» አለችኝ። ከሪማ ከእናቴ ልጅ አትለይብኝም። ልጄን ሀኒን ሳምጥ እጄን የያዘችኝ እሷ ናት። ቢሆንም ያን ቀን ሳቅሁባት።

በሁለት ሳምንቱ ገበያ ሄድኩ። እማማ አልጣሽ ሸክላቸውን መሬት ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ድስት መግዛት ነበረብኝ። ሸክላ የሚገዛ ሰው ቆሞ አይገዛም፤ ቁጢጥ ብሎ፣ እያገላበጠ፣ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ድምፁን ይሰማል፤ የተሰነጠቀ ድስት ድምፁ ይዘጋል። እኔም ሆዴን ጉልበቴ ላይ አጣጥፌ አንዱን አንኳኳሁ፣ ሁለተኛውን አንኳኳሁ። ሦስተኛው ላይ ልቤ ዘለለ።

ያው ነገር መጣ። እንዲያውም ባሰ። ድስቱን እንደያዝኩ ወደ ጎን ወደቅኩ፤ ሁለት ሸክላ ከሥሬ ተሰበረ። እማማ አልጣሽ ሊያነሱኝ እጃቸውን ሲዘረጉ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «አትንኪያት!» ብላ ጮኸች፤ እሳቸውም እጃቸውን እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰቡት። እጃቸው ላይ የደረቀ ጭቃ እንደነበር አስታውሳለሁ። የዚያን ጊዜ ያ እጅ ከምንም በላይ አስፈርቶኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰው አልሆንኩም። ፍርሃቱ ሲመጣ ብቻ አይደለም የምፈራው፤ እንዳይመጣ እየፈራሁ እውላለሁ። እኔ እባብ ገዳይዋ፣ በር ሲንኳኳ የምደነግጥ ሆንኩ። ኮምቦልቻ የልብስ ስፌት ቤት ስለምሠራ ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ እወርዳለሁ፤ ድሮ ገደሉን እያየን እንቀልድበት የነበረው መንገድ አሁን ዓይኔን ጨፍኜ «እመብርሃን፣ እመብርሃን» የምልበት ሆነ። ደጉ አብሮኝ ፈራ። ሀኒ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታወርድ መጀመሪያ ፊቴን ታያለች።

ነገር በሦስት ይጸናል ይላሉ። ሦስተኛው ቤቴ መጣ፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሳፋው ላይ አጎንብሼ ልብስ ሳጥብ። እማማ አልጣሽ አጠገቤ አልነበሩም። ከሪማ ግን «በአጥሩ በኩል ስታልፍ አይቻታለሁ» አለች፤ የሰፈሩ ሴቶች ተሰበሰቡ፤ በር ተዘጋ፤ አሮጌ ጫማ ፍም ላይ ተጥሎ ጭሱ አፍንጫዬ ሥር መጣ። ቡዳ የበላው ሰው የበላውን ይለፈልፋል ይባላል። ጭሱን አስገድደው እያሸተቱ ይጠይቃሉ፤ የሚመልሰው አፍ የታማሚው ነው፤ የሚናገረው ግን ቡዳው ነው ተብሎ ይታመናል።

«ማን ነሽ? ተናገሪ! ከየት መጣሽ?» ይላሉ። ልቤ ይደልቃል፤ ትንፋሽ የለኝም፤ ጭሱ ጉሮሮዬን አነቀው። ልሞት ነው። «ስምሽን ተናገሪ ትለቂያለሽ!» አሉ።

«አልጣሽ» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ አልዋሽም። ግማሹ ጭሱ እንዲነሳልኝ ነው። ግማሹ ግን አምኜበት ነው። ፍርሃት ብቻውን መቆም አይችልም፤ የሚደገፍበት ሰው ይፈልጋል፤ እኔም ሰው ሰጠሁት። ጭሱ ተነሳ። ከትንሽ ጊዜ በኋላ ፍርሃቱም ለቀቀኝ። ሴቶቹ እልል አሉ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። በሳምንቱ ከእማማ አልጣሽ ሸክላ የሚገዛ ጠፋ። አጥራቸው ላይ ድንጋይ ተወረወረ። ውሃ ሊቀዱ ሲመጡ ሰልፉ ተበትኖ ልጆች በእናቶቻቸው ቀሚስ ውስጥ ይደበቃሉ። በኅዳር መጨረሻ የቅሬው ዳኛ ጋሽ ብሩ፣ «አልጣሽ ከቅሬ ትሰረዝ የሚል ጥያቄ ቀርቧል፤ እሑድ እንነጋገርበታለን» አሉ። ጥያቄውን ያቀረበችው ከሪማ ናት፤ ለእኔ ብላ።

ከዚያ እሑድ በፊት በነበረው ሰኞ ስፌት ቤት ወደቅኩ። አለቃዬ በባጃጅ አስጭኖ ገበያው አጠገብ ካለች ትንሽ ክሊኒክ ላከኝ። እዚያ ስደርስ ለቆኝ ነበር። ሐኪሙ ዶክተር ጁነይድ ይባላል፤ የደጋን ከተማ ልጅ፣ ገና ጢሙ በቅጡ ያልሞላ። የደም ግፊቴን ለካ፤ መቶ ሃያ በሰማንያ።

«ደህና ነዎት እኮ እትዬ» አለኝ።

«ደህና ከሆንኩ ለምንድነው በወር አራቴ የምሞተው?» አልኩት።

ሳቀና አልጋው ላይ አስተኝቶ ሆዴን ይዳብስ ጀመር። ግራው ምንም አልሆነም። ቀኙን፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር፣ ጠለቅ አድርጎ ሲጫን ልቤ ዘለለ። «መጣ!» ብዬ ክንዱን ያዝኩት። ፊቴ ነጣ፤ ላቡ ወረደ፤ ያ ሞት ክፍሉ ውስጥ ገባ። ዶክተሩ እየተርበተበተ የግፊት መለኪያውን ደግሞ አሰረልኝ። ሁለት መቶ ሠላሳ በመቶ ሠላሳ። «ያረቢ» ሲል ሰማሁት። እሱም ፈርቶ ነበር። እጁን ከሆዴ ላይ አንስቶ፣ ትራሱን ከፍ አድርጎ፣ ግፊቴ እስኪወርድ እያንዳንዱን ደቂቃ ከአጠገቤ አልተነሳም።

ሲለቀኝ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ። «አሁን እዚህ ክፍል ውስጥ ማን ነበር?» አለኝ።

«አንተና እኔ።»

«ማንም አላየዎትም?»

«አንተ ነህ ያየኸኝ።»

«እኔ ካየሁዎት ግማሽ ሰዓት ሆነኝ። ምንም አልሆኑም። የመጣው ስጫንዎ ነው።» ከዚያ መጀመሪያ ከመጣብኝ ቀን ጀምሮ አንድ በአንድ አስቆጠረኝ። ለቅሶ ቤት፤ ወገቤን ታጥቄ አጎንብሼ። ገበያ፤ ቁጢጥ ብዬ። ቤቴ፤ ሳፋው ላይ። «ሌላስ? ቀላል የሆነ፣ ሰው ያላየው?» አለኝ። አሰብኩ። ጫማዬን ሳስር አንድ ሁለቴ ልቤ ዘልሎ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ጭነት ጭኔ ላይ አስቀምጠው ሆዴን ሲገፋኝም መጥቶብኛል። መጸዳጃ ቤትም። እነዚያን አልቆጠርኳቸውም ነበር፤ እማማ አልጣሽ ስላልነበሩባቸው ከቁጥር አላስገባኋቸውም።

ዶክተር ጁነይድ የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ኩላሊት ሣለ፤ ከኩላሊቱ በላይ ደግሞ ትንሽ ቆብ። «ይቺ ዕጢ የሁላችንም ጋ አለች» አለ። «ውስጧ ያሉት ሴሎች ከምንበላው ባቄላና ሥጋ የሚገኝ ታይሮሲን የሚባል ነገር ይወስዱና ቀስ በቀስ እየለወጡ አድሬናሊንና መሰሎቹን ይሠሩበታል። እነዚህ ቅመሞች በጥቅሉ አሚን ይባላሉ። ሴሎቹ በጥቃቅን ከረጢት ቋጥረው ያስቀምጧቸዋል። እባብ ሲያዩ ከአንጎል በነርቭ ትእዛዝ ይደርሳቸዋል፤ ከረጢታቸውን ይፈታሉ፤ ልብ ይደልቃል፣ ላብ ይመጣል፣ ሰው ወይ ይመታል ወይ ይሮጣል። የእርስዎ ግን ከዚያ ሴል እባጭ የበቀለ ይመስለኛል። እባጩ ሲጨመቅ ከረጢቱን ሁሉ ባንዴ ያፈሰዋል። ትእዛዝ አይጠብቅም።»

«በዚህ አገር ከላይ ትእዛዝ ሳይጠብቅ የሚሠራ ከተገኘ እኔ ሆድ ውስጥ ነው» አልኩት።

ፈገግ አለና ወዲያው ኮስተር አለ። «ፍርሃቱን የሚሠራው እሱ ነው እትዬ የኔነሽ። መጀመሪያ ቅመሙ ደም ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ልብዎ ያን ያህል ሲደልቅ አእምሮዎ ምክንያት ይፈልግለታል። የሚያስፈራ ነገር ግን አልነበረም።»

እንዲህ ያለውን ለሰሚው ግራ የሆነ ነገር በአንድ ጊዜ አላመንኩም። ግን በአልትራሳውንድ አየው፤ ትልቅ ሎሚ ያህላል። የአንድ ሙሉ ቀን ሽንቴን በጀሪካን አጠራቀምኩ፤ አዲስ አበባ ላቦራቶሪ ተላከ፤ ውጤቱ ሐሙስ በስልክ ደረሰው። መድኃኒት አስጀመረኝ፤ ማክሰኞ አዲስ አበባ ሆስፒታል እንድገባ ጻፈልኝ። «ደም ሥሮቹ በመድኃኒት ሳይዘጋጁ ከተነካ ይገድላል» አለ። «እስከዚያ ወገብዎን አይታጠቁ፤ አያጎንብሱ፤ ማንም ሰው ሆድዎን አይጫን። ማንም!»

ሐረጎን በሚኒባስ ስወጣ መደሰት ነበረብኝ። በሽታዬ ስም አገኘ፣ መድኃኒትም አገኘ። ግን ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። የሚያስፈራ ነገር ካልነበረ፣ ስማቸውን የጠራሁት ምን ይዤ ነው? ቢላዋው ሥር ብቀር እማማ አልጣሽ በእኔ አፍ ቡዳ እንደሆኑ ይቀራሉ። ሲሞቱ የሚቀብራቸው አይኖርም። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ያ ሎሚ ስም አልጠራም።

ለደጉ ነገርኩት። «እሑድ ቅሬው ፊት ንገሪያቸው» አለ። ለከሪማ ስነግራት ግን አለቀሰች። «አብሽሪ እህቴ፤ ሐኪሙም መድኃኒቱን ይስጥሽ፤ ግን አልጣሽን አትንኪ። ስሟን ስታነሺ ቢመጣብሽስ? አሏህን ፍሪ፤ ለሀኒ እዘኚላት» አለች። መፍራቷ ለእኔ ነበር። ልቆጣት አልቻልኩም።

እሑድ ከሰዓት የቅሬው ዕቃ ግምጃ ቤት በራፍ ላይ ተሰበሰብን። ወንዱ ዱካ ላይ ተቀመጠ፣ ሴቱ ምንጣፍ ላይ። እማማ አልጣሽ ራቅ ብለው፣ አንድ ድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ስለ ተቀደደው ድንኳን ተወራ። በጎን ዓይኔ ሳያቸው እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ፤ አንድም ሰው እንዳያዩ። ሰው ዓይኑን እንዲህ ሲደብቅ አይቼ አላውቅም።

ጋሽ ብሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የአልጣሽ ጉዳይ» አሉ። «አልጣሽ፣ የምትዪው አለሽ?»

እማማ አልጣሽ ቆሙ። «ሠላሳ ዓመት ሙታናችሁን አብሬ ቀብሬያለሁ» አሉ። «አንድ ቀን እኔን ትቀብሩኛላችሁ ብዬ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።» ተቀመጡ።

ቆምኩ። «እኔ የምለው አለኝ» አልኩ። ከሪማ «እባክሽ፣ እባክሽ ተቀመጪ» እያለች ቀሚሴን ጎተተች። «ጋሽ ብሩ፣ እኔ የታመምኩት…» ብዬ ስጀምር ከሪማ ተነስታ ከኋላዬ በሁለት እጇ ሆዴን ዙሪያ አቅፋ ሳበችኝ። እንዳልናገር፣ እንዳልሞትባት፣ ባላት ጉልበት ሁሉ አጥብቃ።

ልቤ ዘለለ።

ምን እንደሆነ አወቅኩ። ዶክተሩ የሣለውን ቆብ በዓይኔ አየሁት፤ ከረጢቶቹ ሲፈቱ አየሁ። ማወቄ ግን ፍርሃቱን አንዲት ቅንጣት አላጎደለውም። ምንጣፉ ላይ ወደቅኩ፤ ፊቴ ነጣ፤ ላቤ ወረደ። ሕዝቡ ሁሉ ከእኔ ወደ እማማ አልጣሽ ዞረ። «አያችሁ!» አለ አንዱ። «ፊት ለፊታችን በላቻት!» አለች ሌላዋ። ልናገር አፌን ብከፍት ጥርሴ ይንገጫገጫል።

እማማ አልጣሽ ነጠላቸውን ሰብስበው ተነሱ። አላለቀሱም፤ አልማሉም። «እሄዳለሁ፤ ልጅቷን ውሃ ስጧት» ብለው ቁልቁለቱን ወረዱ። እሳቸው ከዓይን እስኪሰወሩ ሩብ ሰዓት ሞላ መሰለኝ፤ ሕመሙም እንደልማዱ ያን ጊዜ ለቀቀኝ። ሰዉም ይህን አየ። ስትሄድ ለቀቃት ተባለ።

ቀና አልኩና ያለኝን ድምፅ ሁሉ አወጣሁ። «አልጣሽ ንጹሕ ናት! እባጭ ነው፤ ሆዴ ውስጥ ያለ እባጭ ነው! ከሪማ ስለተጫነችኝ ነው የመጣው። ሐኪም ነግሮኛል፣ ወረቀቱ አለኝ። እማማ አልጣሽ ምንም አላደረጉኝም!»

ከዚያ አንዲት አሮጊት ቀስ ብለው፣ እያዘኑልኝ፣ «እሷ አይደለችም የምትናገረው» አሉ። «እማማ አልጣሽ አለች፤ ሰማችሁ? ቡዳው ነው ለራሱ የሚከራከረው።»

ጭስ አፍኖኝ አንድ ስም ስጠራ ሰፈሩ በሙሉ አመነኝ። በሙሉ አእምሮዬ ቆሜ ስምል አፌ የእኔ አይደለም ተባለ። ደጉ ወረቀቱን አውጥቶ አንዴ ለጋሽ ብሩ፣ አንዴ ለሌላው ያሳያል፤ ጋሽ ብሩ መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ አጥፈው መለሱለት። «ወረቀቱስ ይሁን፤ በዓይናችን ያየነውን ምን እናድርገው?» አሉ። እጅ ወጣ። የከሪማ እጅ መጀመሪያ ወጣ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ። እማማ አልጣሽ ተሰረዙ። እኔንም ሰርዙኝ ብዬ ጮህኩ፤ የታመመ ሰው አይሰረዝም አሉ።

ሰኞ ጠዋት፣ ደጉ የአውቶቡስ ቲኬት ሊቆርጥ ሲወጣ፣ ቀጥ ብዬ እየተራመድኩ ገደሉ አፋፍ ድረስ ሄድኩ። ኮብልስቶኑ ሱቁ ጋ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃ ነው። አጥራቸው ግማሹ ፈርሷል። ግቢው ውስጥ ያልተተኮሰ ሸክላ ተደርድሮ ያለ ወቅቱ የጣለ ዝናብ መትቶት ቅርጹ ጠፍቷል። ሊተኩሱት አልወጡም። በሩን አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማማ። የኔነሽ። አፉ እንዲሉኝ፣ ይቅር እንዲሉኝ ነው የመጣሁት። ነገ ልቀደድ አዲስ አበባ እሄዳለሁ።»

በሩ የጣት ያህል ተከፈተ፤ በዚያች ክፍተት አንድ ዓይናቸውን አየሁት። ያ ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራው ዓይን ቀልቶ፣ አብጦ፣ ይርገበገባል። ስንቱን ፍርሃት እንዳሳለፍኩ እኔ አውቃለሁ፤ በሰው ፊት ላይ ግን እንዲህ ያለ ፍርሃት አላየሁም።

«አፉ ብያለሁ» አሉ በሹክሹክታ። «ከልቤ አፉ ብያለሁ። አሁን ሂጂልኝ ልጄ።»

«እማማ፣ ትንሽ…»

«ደጄ ላይ ብትወድቂ ማን ያምነኛል? እኔ ሞት አልፈራም፤ አንቺን ነው የምፈራው። በወለድሻት ይዤሻለሁ፤ ሰው ሳያይሽ ሂጂ።» በሩ ተዘጋ። ከውስጥ መወርወሪያው ሲገባ ሰማሁ፤ ከዚያ ከባድ ነገር እየተጎተተ በሩ ላይ ሲደገፍ።

እኔ ነኝ የሰፈሩ ጭራቅ፤ ያን ጊዜ ገባኝ። ማልቀስ ፈልጌ አጎነበስኩ፤ ማጎንበስ አልነበረብኝም። ልቤ ዘለለ።

እዚያ አይሆንም፤ የትም ልውደቅ፣ እዚያ ግን አይሆንም። በሩን ከኋላዬ ትቼ ተራመድኩ። ድለቃው ጆሮዬ ውስጥ ገባ፤ ጭቃው ከእግሬ ሥር ይዋልላል፤ ልሞት ነው፣ ልሞት ነው ይለኛል ውስጤ፤ እሺ እሞታለሁ፣ አጥሩን ልለፍ ብቻ እለዋለሁ። አጥሩን አለፍኩ። ከአጥሩ እስከ ኮብልስቶኑ መቶ እርምጃ አይሆንም፤ ከኮምቦልቻ ደሴ በእግሬ የወጣሁ መሰለኝ። ሱቁ ጋ ስደርስ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከዚያ ተኛሁ።

ሰው ተሰበሰበ። የከሪማ ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማኛል። ያው ጥያቄ መጣ፤ «ከየት ነው የመጣሽው? ከአልጣሽ ቤት ነው?» ጫማዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ነው፤ ወደ ታች ቢያዩ ያውቁታል። ጥርሴን ነክሼ ድምፄ እስኪመለስ ጠበቅሁ።

«ከቤቴ ነው የመጣሁት» አልኩ። «ወደዚያ አልሄድኩም። አላየኋትም።»

ከሪማ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «አሏህ ይመስገን፤ እውነቷን ነው፤ አሁን ራሷ ናት የምትናገረው» አለች። ሁሉም አመኑኝ።